ወይዘሮ ሸዋረጋ አንዲት ኳስ የያዙበት ዜና

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ ወደ ኦክላንድ በገቡ በዘጠነኛው፣ መንጃ ፈቃድ በሦስተኛ ሙከራቸው ባገኙ በአምስተኛው፣ የቀኝ ሜዳን በተሾሙ በመጀመሪያው ዓመት፣ ወርኃ ነሐሴ በባተ በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን፣ በዕለተ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሆነው ይህ ነው። ያልሰማ ይስማ፤ ሰምቶ የረሳ ያስታውስ፤ መሳቅ ያማረው ቀስ ብሎ ይሳቅ፣ ባለታሪኳ በሕይወት አሉና።

ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ ጸዋሪተ ጓንት፣ እመቤተ የማን፣ የቀኙ እመቤት ማለት ነው፣ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት በቀን አራት መቶ አንሶላ የሚያጥፉ፣ ድምፃቸው ከሻሻቸው የማያልፍ፣ ወደ ሜዳ የወጡት በጀግንነት አልነበረም፤ ለቁጥር ማሟያ ነበር እንጂ። ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ሶፍትቦል፣ ማለትም በዱላ የተመታች ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች መቺው የሚወጣበትን ጨዋታ፣ የሚጫወትበት የእሑዱ ሊግ እንዲህ ሲል አውጆ ነበርና፦ «አምስት ሴት ያላሰለፈ ቡድን እንደተሸነፈ ይቆጠራል!» የቴሌግራፍ ልጆች ከሚባለው የኦክላንድ ቡድን አምስተኛዋን ሴት ሊሊን የሳን ሆዜ ሰው አግብቶ ወሰዳት። የቡድኑ አለቃ ማንደፍሮ፣ ታክሲ ነጂው፣ ሴት ፍለጋ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ዞሮ ዞሮ ከወይዘሮ ሸዋረጋ በቀር እምቢ ማለት የማይችል ሰው አጣ። የሹመታቸው አዋጅም እንዲህ ተነገረ፦ «እትዬ ሸዋረጋ ከዛሬ ጀምሮ በቀኝ ሜዳ ይቁሙ! ኳስ ከመጣ አባተ ይደርስልዎታል፤ እርስዎ ብቻ አይጨነቁ!»

አባተም ደረሰ። አባተ ማለት የመሃል ሜዳው ጠባቂ፣ በአየር ማረፊያ ሻንጣ ጫኙ፣ ቁመቱ ከበር የሚተርፍ፣ ልቡ ደግ፣ እግሩ ግን ልጓም የሌለው ነበረና፣ ወደ ቀኝ የመጣውን ኳስ ሁሉ ሮጦ፣ ዘሎ፣ በወይዘሮ ሸዋረጋ አናት ላይ እጁን አሳልፎ እየቀለበ ይመለስ ነበር። እንዲህ እንዲህ ሲል ሰባት እሑድ አለፈ፤ እርሳቸውም ኳስ የምትባለውን ነገር በዓይናቸው እንጂ በእጃቸው አላወቋትም። ይህ ያበሽቃቸው ነበር። በአርባ ስድስት ዓመታቸው የልጅ ጨዋታ ይወዳሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም፣ እርሳቸውም አላሰቡም፤ ግን ወደዱት፣ ምን ይደረግ። ኤል ሴሪቶ ባለው አፓርታማቸው የመኪና ማቆሚያ ከሥራ መልስ ግድግዳው ላይ ኳስ እየወረወሩ፣ ነጥራ ስትመለስ እየቀለቡ፣ የሕንፃው ኃላፊ ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እስኪጽፍባቸው ድረስ ተለማመዱ። በልባቸውም ተሳሉ፤ ሊጉ እስኪያልቅ አንዲት ኳስ እንኳ ካልያዙ የቡድኑን ሸሚዝ አጥበው፣ ተኩሰው፣ ለማንደፍሮ ሊመልሱ።

ወእምዝ በሐምሌ ሃያ አንድ ቀን ታላቅ መከራ ሆነ። ኳስ ወደ ሰማይ ወጥታ፣ ሙሉመቤት የምትባለው የነርስነት ተማሪ በምትጠብቀው በሁለተኛው ቤዝ፣ ሯጮች በሚረግጡት ማረፊያ፣ ላይ ልትወርድ ስትል፣ ልጅቱ ጓንቷን ዘርግታ ቆማ ሳለ፣ አባተ እንደ ልማዱ ደረሰ። ሁለቱም ወደ ላይ እንጂ ወደ ፊት አያዩም ነበርና ተላተሙ። የሙሉመቤት ቅንድብ ተሰንጥቆ አምስት ስፌት ተሰፋ፤ አባተም ሜዳው መሃል ዘርፈጥ ብሎ ሰው ሁሉ እያየው አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት በመኪናው አደረሳት፣ ማታ ማታ ሾርባ ወሰደላት፤ እርሷ ይቅር ብላው ስታበቃ እርሱ ራሱን ይቅር ማለት አቃተው።

ግጭቱ በሆነበት በዚያው ቀን በሣሩ ላይ ጉባኤ ተደረገ። የተገኙትም እነዚህ ናቸው፦ ማንደፍሮ ከነፉጨቱ፣ ለቡድኑ ውኃ የሚያቀርበው ተጫዋች ዘነበ ከነበረዶ ሳጥኑ፣ አባተ ከነእንባው፣ ሙሉመቤት ከነፋሻዋ፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ ከነዝምታቸው፣ የቀሩትም አምስት ተጫዋቾች ከነጥፋታቸው፣ ኳስ ቀምቶ የማያውቅ በመካከላቸው አልነበረምና። አለቃውም ቆሞ አወጀ፦ «ስሙ የቴሌግራፍ ልጆች! ያልመጣም ካለ በፔጀሩ ይነገረው! ከዛሬ ወዲያ ኳስ ወደ ላይ ስትወጣ ልይዝ ያለ ‹የኔ!› ብሎ ይጩህ፤ ሌላው ይራቅላት፤ ያልጮኸ አይንካት! ኢንሹራንስ የሌለን ሰዎች ነን፣ እየተጋጨን አንከርምም!»

ሕጉ መልካም ነበር፤ ችግሩ ሰዎቹ ናቸው። እነዚህ እኮ ትሪ ላይ የቀረችውን የመጨረሻ ሥጋ «አንተ ብላት፣ ኧረ አንቺ ብያት» ሲባባሉ አቀዝቅዘው ከነትሪዋ ወደ ጓዳ የሚመልሱ ናቸው፤ ታዲያ በአደባባይ፣ በእኩለ ቀን፣ ታላቅና ታናሽ ባለበት «የኔ!» ብሎ የሚጮህ ከየት ይምጣ? ይሉኝታ ያዛቸው። ኳስ በወጣች ቁጥር ሁለቱም ሦስቱም ከሥሯ ይሰበሰቡና በእጅ ይጋበዛሉ፣ ኳሷም በመካከላቸው ድብ ትላለች። አባተማ ጨርሶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መቆም ጀመረ። ባላጋራዎቻቸው ሃይማኖታዊ ሥርዓት መስሏቸው ቆብ ያወልቁ ነበር። በሦስት እሑድ ሦስቴ ተሸነፉ፤ አንድም ሰው አልተጎዳም፣ አንድም ኳስ አልተያዘም። የሊጉም አዋጅ ደረሰ፦ «የቴሌግራፍ ልጆች በመጨረሻው እሑድ ከተሸነፉ ቦታቸው ተራ ለሚጠብቅ ቡድን ይሰጣል!»

ከይሉኝተኞቹም ሁሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ ይብሱ ነበር። ርቧቸው «በልቻለሁ» ያሉበት ቤት ብዙ ነው፤ በሥራ ቦታቸውም የሰው የበዓል ተራ ሲሠሩ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የራሳቸውን ገና ቤታቸው አልዋሉም። «የኔ» የሚለው ቃል ለአፋቸው እንግዳ ነበር። ስለዚህ ወደ ሥራ ሲነዱ የመኪናቸውን መስኮት ዘግተው ቃሉን ይለማመዱት ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት በርክሌይ እስኪደርሱ ሹክሹክታ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ኤመሪቪል አጠገብ በጎን የሚነዳ ሰውዬ ዞሮ አያቸው።

ወበውእቱ ዕለት፣ በነሐሴ ዐሥራ ዘጠኝ፣ የፍሪሞንት ፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን በሦስት ቫን ተጭኖ መጣ። ውጊያው ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጸና። በመጨረሻው ዙር የቴሌግራፍ ልጆች ዐሥራ ሁለት ለዐሥራ አንድ እየመሩ፣ ከሚወጡት ሦስት መቺዎች ሁለቱን አስወጥተው አንድ ሲቀራቸው፣ ዞረው ከገቡ የሚያሸንፉ ሁለት የፍሪሞንት ሯጮች ቤዝ ላይ ቆመው ሲጠብቁ፣ ክንዱ የመኪና ጎማ የሚያህል መቺ ተነሥቶ ኳሷን መታት። ኳሷ ወጣች፣ ወጣች፣ ፀሐይ ውስጥ ገባች፤ ወደ ቀኝ ሜዳም አዘነበለች።

አባተ ከመሃል ሮጦ ሲያበቃ ትዝ ብሎት ቆመ፣ እጁንም ወደ ኋላ አጣመረ። ሙሉመቤት ከፊት መጥታ ቅንድቧን ዳበሰችና በመዳፏ ወደ አባተ ጋበዘች። አባተም በአገጩ መልሶ ጋበዛት። ሯጮቹ ይሮጣሉ፣ ኳሷ ትወርዳለች፣ ማንደፍሮ ዓይኑን ጨፍኗል። ወይዘሮ ሸዋረጋ በፍልሰታ ስግደት የዛለ ጉልበታቸውን እየጎተቱ መጡ። ፈርተው ነበር፤ «የኔ» ብለው ቢጥሏት በመጪው እሑድ የሚያወራው ምእመን በፊታቸው ተሰለፈባቸው። ከሁሉ ይልቅ ግን ኳሷን ፈለጓት፤ አንድ ነገር እንዲህ አድርገው የፈለጉት መቼ እንደነበር እንኳ ትዝ አላላቸውም። አፋቸውንም ከፍተው በታላቅ ድምፅ አወጁ፦

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የኔ!»

አባተ በድንጋጤ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሙሉመቤት አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ወደ መጨረሻው ቤዝ ይበር የነበረው ሯጭም ምን መጣ ብሎ ቆመ። ኳሷ በጓንታቸው ገባች፣ ነጠረች፣ ልታመልጥ ስትል በግራ እጃቸው ደረታቸው ላይ አጣበቋት፣ እዚያም ቀረች። ዳኛውም «አውት!» ብለው የመቺውን መውጣት አወጁ፤ ጨዋታው አለቀ፣ የቡድኑም ቦታ ተረፈ። ሙሉመቤት እልል አለች። አባተ ደግሞ አለቀሰ፤ የዛሬው ግን የደስታ ነበር።

ከዚህ በኋላ ዳኛው፣ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ፣ ኳሷ የሊጉ ንብረት ናትና ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። ቡድኑ ሁሉ እንደሚሰጧቸው ያውቅ ነበር፤ ወይዘሮ ሸዋረጋም ያውቁ ነበር፤ እጃቸውም ኳሷን ይዞ እስከ መንገዱ አጋማሽ ሄዶ ነበር። እዚያ ላይ ቆመ። ተመለሰም። ሁለተኛውን አዋጅ ዝግ ብለው፣ ይቅርታ ሳይጠይቁ፣ በአማርኛ ተናገሩት፦ «የኔ ናት።» ዳኛው አማርኛ አያውቁም፤ ግን ገባቸው፣ እጃቸውንም ወደ ኪሳቸው መለሱ።

ምስጋና ለወይዘሮ ሸዋረጋ፣ ለመዋዒተ ይሉኝታ፣ ማንንም ሳይገፉ ቦታቸውን ለያዙ፣ የማንንም ቅንድብ ሳይሰነጥቁ ድል ላደረጉ! ስማቸው ከኤል ሴሪቶ እስከ ሳን ሆዜ ይነሣ፤ ጉልበታቸው ይጽና፤ ገናቸውንም እሑዳቸውንም ሰው አይውሰድባቸው፤ በቀኝ ሜዳ ዘመናቸው ይርዘም። አባተም ከመሃል ሜዳ ሳይነቃነቅ አሜን ይበል።