ሰው ሲወድቅ የሚስቁ

ሰው ሲወድቅ «እኔን!» የማይሉ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ከልጄ ጋር ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ገብቼ አገኘኋቸው። ቴሌቪዥኑ ድምፅ የሌለው የድሮ የቀልድ ፊልም ያሳያል። አንድ ቀጭን ሰውዬ ከመሰላል ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይወድቃል። በወደቀ ቁጥር እኔ «እኔን!» ስል ቤቱ በሙሉ ይስቃል። ታዲያ የወደቀው ሰው አይደለም?

ድንገት ከመስታወቱ ውጭ፣ ዝናብ ያራሰው አስፋልት ላይ አንድ ሽማግሌ አዳልጧቸው ወደቁ። አፋቸው ይከፈታል፤ ድምፃቸው አይሰማም። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሮ እንደዚያው ሳቀ። ታክሲ እየመጣ ነበር። ብድግ ስል ልጄ እየሳቀች እጄን ያዘችኝ።

«እማዬ፣ ቁጭ በይ። አሁን ይነሳል።»

እጄን መንጭቄ ብቻዬን ወጣሁ፤ ታክሲውን አስቁሜ ሽማግሌውን ደግፌ አነሳኋቸው። እሳቸው ግን ዓይናቸው መስታወቱ ላይ ነው።

«ልጄ፣ እነዚያ ምን አይተው ነው የሚስቁት?»

የራሴን ልጅ መሃላቸው እያየሁ፣ «ፊልም ነው፣ አባባ» አልኳቸው።