ዶና ኔሬይዳ እና ጤነኞቹ ሕዋሳት

የሌሎችን ደስታ ሳያጣራ የማያሳልፍ አንድ ሰው የሌለበት የሥራ ቦታ በምድር ላይ አይገኝም። አለቃ አይደለም፤ ሹመትም አይፈልግም፤ ሌላው ሲያጨበጭብ እርሱ መነጽሩን ይጠርጋል። በሞንቴቪዴዮው የአንጎል ምርምር ክፍል ይህን ማዕረግ ሠላሳ አንድ ዓመት ይዘው የኖሩት ክብርት ዶና ኔሬይዳ ሱጎ ናቸው።

"ጤነኞቹስ?" ይላሉ። የታመመ ሕዋስ አሳይቶ አድናቆት ለሚጠብቅ ሁሉ መልሳቸው ይኸው ነው። ከውጭ የመጡ አንድ ታላቅ ፕሮፌሰር በዚህ ቃል ተጠይቀው ውሃ እንደ ለመኑ ይነገራል። የጎረቤታቸው ውሻ ታመመ ቢባሉ ስለ ቀሩት የሰፈሩ ውሾች ጠየቁ የሚሉም አሉ።

ዊልማር ኢፍራን የዶክትሬት ፈተናው ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። የነርቭ ሕዋስ ኃይል የሚያገኘው ማይቶኮንድሪያ ከሚባሉ ጥቃቅን አካላት ነው፤ አንጎልን ቀስ በቀስ በሚያደክመው በሽታ እነዚህ አካላት ያለ ልክ ተቆራርጠው ይደቅቃሉ። ዊልማር መቆራረጡን የሚገታ መድኃኒት ሦስት ዓመት ሲፈትን ቆይቶ፣ አንድ ማክሰኞ በታመሙት ሕዋሳት ውስጥ ድቃቂው ጠፍቶ ረጃጅም ክሮች አየ። ውጤት ያገኘ ሰው ሌላውን ማብላት የክፍሉ ወግ ነውና ሮጦ ቢስኮቾ የሚባለውን ጣፋጭ ዳቦ ገዝቶ መጣ። ሁሉም አነሡ። ዶና ኔሬይዳ ግን ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻያቸውን በቀጭኑ ቱቦ እየሳቡ ጠየቁ፤ ምን ብለው እንደ ጠየቁ መናገር አያስፈልግም።

"ጤነኞቹማ ጤነኞች ናቸው፤ ምን ይሆናሉ ዶና ኔሬይዳ?"

"ለእኔ አትንገረኝ ልጄ፤ እነሱን ጠይቃቸው።"

ባልደረቦቹ ሳቁበት። በማግስቱ እርሳቸውን ዝም ለማሰኘት ብቻ መድኃኒቱን ለጤነኞቹ ሰጠ፤ ከሁለት ቀን በኋላም በአጉሊ መነጽር አያቸው። ማይቶኮንድሪያው መከፋፈሉን አቁሞ፣ ርዝመቱ አላንቀሳቅስ ብሎት፣ በሕዋሱ መሐል ተጠላልፎ ቀርቷል፤ የነርቩ ሩቅ ጫፍ ኃይል አጥቶ ባዶውን ቆሟል። ጤነኛ ሕዋስ ማይቶኮንድሪያውን የሚከፍለው ወደ ሩቅ ለመላክ መሆኑን ዊልማር በመጀመሪያው ዓመት ተምሮ ነበር። በሽታውን ሲጠላ ግን መከፋፈሉንም አብሮ ጠልቶት ኖሯል። ሰው ለጥላቻው ልክ ሊያበጅለት ይገባል።

"አለቀልኝ" አላቸው።

"ምኑ ነው የሚያልቀው? አብዝተኸው ነው። ቀንሰው።"

መጠኑን ወደ ሩብ አወረደ። ዶና ኔሬይዳ ቅዳሜና እሑድ ማረፋቸውን ትተው መጡ፤ የትኛው ሳህን የየትኞቹ ሕዋሳት እንደ ሆነ እንዳይነግራቸው አስምለውት ቆጠሩ። ሰኞ የተሸፈነው የሳህኖቹ ምልክት ሲገለጥ፣ በታመሙት ውስጥ ድቃቂው በግማሽ ቀንሷል፤ የጤነኞቹም ማይቶኮንድሪያ እንደ ወትሮው እየተከፋፈለ እስከ ጫፍ ደርሷል። ዶና ኔሬይዳ ተነሥተው ጉንጩን ሳሙት።

"አሁን ደስ ይበልህ" አሉት።

ፈተናውን በክብር አለፈ። የክፍሉ ኃላፊ የከተማው ወንዝ ቁልጭ ብሎ የሚታይበትን፣ ማንም የማይጨቀጭቅበትን የላይኛውን ፎቅ ቢሮ ሰጡት። ዊልማር አመስግኖ አልፈልግም አለ፤ ጠረጴዛውንም ገፍቶ ከዶና ኔሬይዳ ጎን አስጠጋ።

እርሳቸው ከአጉሊ መነጽራቸው ቀና ሳይሉ፣ "እግሩ ይወዛወዛል፤ ሳታየው ዕቃ እንዳትጭንበት" አሉት።

ጎንበስ ብሎ አየው፤ እውነትም ይወዛወዛል። ፈገግታውን ለመደበቅ ጠረጴዛው ሥር ጥቂት ቆየ።