ትጠገንና ትሸጥ

ሰው «ደከመኝ» ሲል ሁሉም «አይዞህ» የሚለው ለምንድን ነው? «እንግዲያው ተቀመጥ» የሚል አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? እኔ ይኸው ስንት ዘመኔ ነው ደከመኝ የምለው፤ እስካሁን ያገኘሁት አይዞህ ብቻ ነው።

ሥራዬ ጭነት መኪና መንዳት ነው። መኪናዋ የራሴ ናት። አሮጌ ናት። ከሲሚንቶ እስከ ሽንኩርት ያልጫንኩባት ነገር የለም። የሰፈር ሰው ቤት ሲቀይር፣ የዕድሩ ድንኳንና ወንበር ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት ሲዞር «እሱ አለ አይደል?» ነው የሚባለው። እሱ ማለት እኔ ነኝ። ወገቤን አትጠይቁኝ።

ታዲያ ክረምቱ ሊገባ ሲል ከአብነት ወደ ተክለ ሃይማኖት ስወጣ፣ ከውስጧ አንድ ነገር ጓ አለና ቀጥ ብላ ቆመች። ጭሱ ጋቢናውን ሞላው። አብሬያት ብዙ ስለኖርኩ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ፤ ሞተሩ አበቃለት። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። መንገዱን ዘግቼ፣ ከኋላዬ የታክሲ ሾፌሮች ክላክስ እየነፉ እየሰደቡኝ፣ እኔ መሪው ላይ ተደግፌ «ተመስገን» አልኩ። በቃ፣ እሷም አረፈች፣ እኔም ላርፍ ነው።

በገመድ ተጎትታ ልደታ ኮንዶሚኒየም ስትገባ ጎረቤቱ ሁሉ በረንዳ ላይ ወጣ። ከዚያ ለቅሶ ተደረሰ። ቀልዴን አይደለም። ከሥራ ሲመለሱ ብቅ እያሉ ሶፋው ላይ ቁጭ ይሉና ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። የታችኛዋ ጎረቤታችን ጭራሽ «እግዜር ያጽናህ» ብላኝ ሄደች። እኔም አንገቴን ደፍቼ ተጽናናሁ። ሐዘንተኛ መስሎ ደስታን መደበቅ ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል።

ለወጉ ያህል መካኒክና ደላላ ጠራሁ። መካኒኩ ግርማ ይባላል፤ ጋራዡ አብነት ነው፤ መኪናዋን ለዓመታት ሲጠጋግናት የኖረ እሱ ነው። ሞተሩን ከፍቶ ብዙ ቆየ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ጋሼ፣ ይሽጧት። እኔም ደክሞኛል» አለኝ። ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። ደላላው ግን ዞር ዞር ብሎ አያት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ፋዘር፣ እንዲህ ሆና ማን ይገዛታል? አሠራትና ጥራኝ» ብሎኝ እርፍ። እስቲ ፍረዱ። በጥገና የሚኖር ሰው ሽጥ፣ በሽያጭ የሚኖር ሰው ጠግን ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ዋናው ዳኛ ያለው ግን ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቴ ፀሐይ ትጠገን አለች። እኔ ትሸጥ አልኩ። ልጆቹ ራሳቸውን ችለዋል፣ በሽያጩ ቀስ ብለን እንኖራለን፣ ወገቤም ዓይኔም አልታዘዝ ብለዋል አልኳት። «ቤት ውለህ ምን ልትሠራ ነው?» አለችኝ። ቁጭ እላለኋ! «ቁጭ ያሉትን አላየሃቸውም?» ብላ በመስኮት ወደ ጊቢው አመለከተች። እውነቷን ነው። ጡረታ የወጡት ጎረቤቶቻችን ጠዋት ወጥተው ግድግዳ ይደገፋሉ፤ ከዚያ የጊቢ ኮሚቴ ይሆናሉ፤ ከዚያ የማን ልብስ በማን ገመድ ላይ እንደተሰጣ ሲከራከሩ ይመሻል። እኔ ግን ከግድግዳው የምደገፍበትን ቦታ ሳይቀር መርጬ ነበር። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ያገኛል።

ይህን ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። «አባቴ ሱቁን ዘግቶ ቤት በዋለ ዓመቱን አልጨረሰም» አለችኝ። ለካ እንዲያ የምትሟገተኝ ፈርታ ኖሯል። አንጀቴን በላችው። ግን ድካሜስ የት ይሂድ?

ሳንነጋገር ሰነበትን። በመጨረሻ እሷው ሽማግሌ ጠራች። አዎ፣ ለመኪና! ጋሽ በቀለ ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ። ጋሽ በቀለ ተክለ ሃይማኖት የሳሙናና የዘይት መጋዘን ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ያኔ ፀሐይን ለማግባት ስፈልግ ወላጆቿ ዘንድ ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ እሳቸው ሲናገሩ እኔ ወንበሬ ጫፍ ላይ ነኝ።

የኛን ሽማግሌ መቼም ታውቁታላችሁ። የሚያውቀው ሥራ አንድ ነው፤ ማስታረቅ። ማንም ሰው ሙሉ በሙሉ ልክ ሆኖ ከፊቱ አይነሳም። እኔን ሰሙ፣ እሷን ሰሙ፣ እርስ በርስ ተንሾካሾኩ። ጋሽ በቀለ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «አንተም ተው፣ አንቺም ተይ። ትጠገን፤ ከዚያ ትሸጥ» አሉ። የቀሩት ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉልበት ስመን ታረቅን። መኪናዋን ለሁለት መክፈል ቢያቅታቸው የእኔን ድካም እጥፍ አደረጉት።

ክረምቱን በሙሉ ጋራዥ ዋልኩ። ሞተሩ ወረደ። መለዋወጫ ፍለጋ በጭቃ ሱማሌ ተራ ስመላለስ ከረምኩ። ሞተሩ ተገጠመ፤ ድምፁ አላማረኝም ብሎ ግርማ እንደገና አወረደው። እኔ ግን አንድ ነገር በልቤ ይዣለሁ፤ ይህ ካለቀ ሽያጭ ነው፣ ከሽያጩ በኋላ ግድግዳው። መስከረም ሲጠባ መኪናዋ ተነሳች። እንዲያ ያለ ድምፅ አሰምታ አታውቅም። ግርማ ራሱ ማመን አቅቶት አጥፍቶ ደግሞ አስነሳት።

ደላላም አላስፈለገም። ገዢው ራሳቸው ጋሽ በቀለ ሆነው ቁጭ! ያኔ «ከዚያ ትሸጥ» ሲሉ ምን ያስቡ እንደነበር ገባኝ፤ ግን ሽማግሌን ምን ትለዋለህ? ቤት መጡ፣ ሳንጨቃጨቅ ተስማማን። ተገላገልኩ ብዬ ልነሳ ስል «አንዲት ነገር አለችኝ» አሉ። «የእሷን ጠባይ ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ሌላ ሰው ቢይዛት ብዙም ሳይቆይ ያቆማታል። አንተ ካልነዳህልኝ አልገዛም።»

ወደ ፀሐይ ዞርኩ፤ አድኚኝ ማለቴ ነው። እሷ ለካ ቀድማ «ኧረ በደስታ!» ብላለች። ፊቷ በርቷል፤ ሱቁን የዘጉትን አባቷን ካነሳች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። ታዲያ ምን ልበል? የዳሩኝን፣ ያስታረቁኝን፣ አሁን ደግሞ የገዙኝን ሰው እምቢ ልበል? እንዲህ ሆኖ መኪናዋ ተሸጠች፤ እኔም ከመለዋወጫዋ ጋር አብሬ ሄድኩ።

ጋሽ በቀለ ደስ ብሏቸው ሊመርቁን ተነሱ። እኛም ቆምን። እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው «አንተንም መኪናዋንም እርጅና አይንካችሁ። እንደተያያዛችሁ ረጅም የሥራ ዘመን ይስጣችሁ» አሉ። ፀሐይ ጮክ ብላ «አሜን!» አለች። ምርቃት ላይ ዝም አይባል፤ እኔም አሜን አልኩ።