ስፒከሬን ማን ንካ አለው?

እንዲያው ሰው ደህና የተቀመጠ ነገር ካልነካካ እንቅልፍ አይወስደውም እንዴ?

ስለ ጎረቤቴ ስለ ሰይድ ነው የማወራችሁ። እዚህ ሐይቅ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። እጁ ወርቅ ነው፣ አልዋሽም። ችግሩ፣ ያልተበላሸም ይጠግናል።

የእኔ ስፒከር ቡፌው ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ስንት ዓመት በሰላም ኖሯል። ሰይድ ቤቴ በገባ ቁጥር ግን ብሎኑ ላልቷል ይለኛል። ከቡፌው አውርደው፣ ከሥሩ የጎማ ቁራጭ አድርግበት፣ ድምፁ ሌላ ይሆናል ይለኛል። ጎማ! ስፒከር ነው ባጃጅ? ጎማ ድምፅ የሚያሳምር ቢሆን መናኸሪያው ሁሉ ዘፋኝ በሆነ ነበር።

የዒድ ለት ዘመድ ልጠይቅ ወጥቼ ስመለስ፣ ስፒከሬ ወለል ላይ፣ ጎማ ላይ ተቀምጧል፤ ሰይድም መፍቻውን ይዞ አጠገቡ ቁጭ ብሏል። ማን ፈቀደለት? ሚስቴ ከድጃ! ደሜ ፈላ። ግን አማቴ ከውጫሌ መጥተው ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል፤ በእሳቸው ፊት እንዴት ልሳደብ? ዋጥኩት።

ሰርጋችን የተቀዳበት ካሴት አለን። ኋላ ፍላሽ ላይ አስገለበጥነው። በየዒዱ እሱን መስማት ልማዳችን ነው። መሐል ላይ አምባሰል እየተዘፈነ የአማቴ ድምፅ ከሩቅ ጉርምርም ይላል። ቃሉ አይለይም። ከድጃ እማዬ ዱዓ እያደረገችልን ነው ስለምትል፣ እዚያ ቦታ ስንደርስ እጃችንን ዘርግተን «አሚን» እንላለን። በየዓመቱ!

ሰይድ ከፈተው። ያ ድምፁን ሲያውክ የኖረው የቡፌው ብርጭቆ መንቀጥቀጥ የለም። ዘፈኑ እንደ ምንጭ ውኃ ጠራ። እጃችንን ዘረጋን። የአማቴ ድምፅ መጣ።

«ባለወፍጮው ሽማግሌ ሊልክባት ነበር አሉ። ምን አስቸኮለን? ይሄ እንኳን ሚስት፣ ፍየልም አያስተዳድር!»

ለዚህ ነው አሚን ስል የኖርኩት?

ከድጃ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ በሳቅ ትንፈራፈራለች። ወደ አማቴ ዞርኩ። ያፍራሉ ብዬ ነበር።

«ውሸት ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። «አምና የሰጠሁህ ፍየል የታለች?»

ጅብ በላት! እኔ ነኝ እንዴ የበላኋት?

ንዴቴን ሁሉ ሰይድ ላይ አወረድኩት። የቆጡን አወርድ ብለህ የብብቴን አስጣልከኝ፣ አሁኑኑ ብሎኑን አላልተህ ወደ ቡፌው መልሰው አልኩት። ማን ሰምቶኝ! እሱ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ጭራሽ ቀና ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ወላሂ ወንድሜ፣ ሽቦው ቀጭን ሆኖ ነው እንጂ፣ አጠገባቸው የነበረችው ሴትዮ የመለሰችላቸውም ይሰማ ነበር።»

ከድጃ ብድግ አለች። ዛሬ ዒድ ነው፣ ሽቦ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው ብዬ ጮህኩ።

«የነገብሬ ክፍት ነው» አለችኝ፣ ጫማዋን እየፈለገች።