ጠላቂው እና የባስኩላው ብረት

ጥቂት ደቂቃ ብቻ ታገሱኝ። ከየትኛውም ባሕር ርቆ የተወለደ የጅማ ልጅ እንዴት ጠላቂ እንደሆነ፣ በጠላቂነቱም የገዛ አጎቱን የቡና ሥራ እንዴት ወንዝ ሊያስበላው እንደነበር እነግራችኋለሁ። ጊዜያችሁ አይባክንም፤ ሌላው ቢቀር ውሃ ውስጥ ያለ ነገር ለምን ገዝፎ እንደሚታይ አውቃችሁ ትነሳላችሁ።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ሰው አጠገቡ ያለውን ነገር አያጠናም። እኛ ጅማዎች ቡና ውስጥ ተወልደን ቡና ስንጠጣ አደግን፤ ስለ ቡና የምናውቀው ግን ሲያልቅ ራስ እንደሚያሳምም ብቻ ነው። በአንጻሩ ከሰፈራችን ባጃጅ ነጂዎች መካከል የአውሮፓ ተጫዋቾችን ጉዳት ከሐኪሞቻቸው አስቀድሞ የሚያውቅ አለ። እኔን ደግሞ የባሕር ወለል ያዘኝ። ለምን አትበሉኝ። ፍቅር ምክንያት ይጠየቃል እንዴ?

ቦሳ ኪቶ በሚባል የጅማ ሰፈር ውስጥ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ በሚቆምባት ሱቅ ስልክ እጠግናለሁ። የተጠገነ ስልክ መሞከር አለበት፤ ለሙከራ ደግሞ ቪዲዮ ይከፈታል። (በራሴ ኢንተርኔት ነው፤ ደንበኞቼ እንዳትሰጉ።) አንድ ቀን የከፈትኩት ቪዲዮ ስለ ጠላቂዎች ሆነና በዚያው ቀረሁ። ጠላቂ ማለት የአየር ሲሊንደር በጀርባው አዝሎ፣ በአፉ በጎረሰው ነገር እየተነፈሰ፣ ውሃ ሥር ከዓሣ ጋር የሚውል ሰው ነው። ያ ሲሊንደር ጅማ ውስጥ የለም። ያለው የጋዝ ሲሊንደር ነው፤ እሱን ደግሞ እናቴ ወጥ ትሠራበታለች።

መነጽሩን ግን አገኘሁት። ሄርማታ፣ ሐሙስ ገበያ፣ ከቦንዳ ልብስ ክምር ውስጥ፣ አፍንጫን ጭምር የሚሸፍን እውነተኛ የጠላቂ መነጽር። ሻጩ የብየዳ መነጽር ነው ብሎ ወላሂ አለልኝ። መተንፈሻ ቱቦው የምን እንደሆነ ስላላወቀ በምራቂ ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ የቤተሰባችን ጉዞ ሁሉ መልኩ ተለወጠ። አባቴ ሄርማታ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው፤ በዓመት አንዴ መቀሱን አስቀምጦ ዘመድ ያለበትን አገር ሁሉ ያዞረናል። ለእኛ ዓለም ማለት ሰቃ፣ ሊሙ፣ ጌራና አጋሮ ነው። አራቱንም አህጉር ጠልቄባቸዋለሁ። ሰቃ ላይ አንድ የግራ እግር የላስቲክ ጫማ አገኘሁ። ሊሙ ላይ የቡና ማጠቢያውን የውሃ ገንዳ ልመረምር ስል ዘበኛው መረመረኝ። ጌራ ላይ አልቅት አገኘኝ፤ እኔ አላገኘሁትም። እዚሁ ደጃችን ያለው ቦዬ ሐይቅ ግን አልተሞከረም፤ ጉማሬ አለበት፣ ጉማሬ ደግሞ ማብራሪያ አይሰማም።

አባቴ ለዚህ ሁሉ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። ጅማ ተወልደህ ውሃ ፍለጋ ትሄዳለህ፣ ዝናቡ አነሰህ ወይ ይለኛል። ጭራሽ የባሰው ደግሞ ሰቃ ላይ ክንዴን የሚያህል ዓሣ አየሁ ባልኩበት ቀን ነው። ለሐቅ ስል ወዲያው አብራራሁ፤ ብርሃን ከውሃ ወጥቶ በመስታወት በኩል ወደ አየር ሲገባ አቅጣጫውን ስለሚለውጥ፣ በመነጽር የታየ ነገር ሲሶ ያህል ገዝፎና ቀርቦ ይታያል አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ አፌን ስከፍት አባቴ ለቤተሰቡ፣ «ሲሶውን ቀንሳችሁ ስሙት» ይላል።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ወደ አጋሮ የሄድነው ለዘመድ ጥየቃ ብቻ አልነበረም። አጎቴ ከማል ከአጋሮ ወጣ ብላ ባለች መንደር የራሱን የእሸት ቡና መረከቢያ የሚከፍትበት ቀን ነበር። አጎቴ ዕድሜውን በሰው ባስኩላ የሰው ቡና ሲመዝን የኖረ ሰው ነው፤ የራሱን ለመክፈት ሁለት ላሞቹን ሸጧል። እሸት ቡና ማለት ቀዩ ፍሬ፣ ገና ያልተፈለፈለው ነው። ጠዋት ተለቅሞ ከሰዓት ይመዘናል፣ በዚያው ማታ ማጠቢያ ይገባል። ካደረ ይቦካል፣ ከቦካ የሚገዛው የለም።

በዚያ መንደር ደግሞ አንድ ወግ አለ። መረከቢያ ሲከፈት መጀመሪያ ባስኩላው ላይ የሚወጣው ቡና ሳይሆን ሰው ነው፤ ሰውዬውም አባ ፊጣ ናቸው። አባ ፊጣ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። ክብደታቸው ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ሃምሳ ስምንት ኪሎ መሆኑን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። በሰው ፊት ይመዘናሉ፤ «ልክ ነው» ካሉ መንደሩ ቡናውን ያራግፋል። ዝም ካሉ አህያው ሁሉ ጭነቱን ይዞ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሌላ ነጋዴ ይሻገራል፣ እስከሚቀጥለው ዓመትም አይመለስም። ያን ቀን የአጎቴ ነገር በአባ ፊጣ አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አውቄም ከመረከቢያው ጀርባ ያለውን ኩሬ አየሁ። ወንዙ ድንጋይ ገጭቶ የሚያርፍበት፣ ሁለት የሰው ቁመት ያህል የሚጠልቅ፣ አረንጓዴ ኩሬ። ረፋድ ላይ አጎቴ ጆንያ ሊያመጣ አጋሮ ሄደ፤ አባቴ ጥላ ሥር ጋደም አለ።

አሁን ትንሽ ሳይንስ ታገሱኝ። ሰው ሳንባው አየር ሲሞላ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ጠላቂዎች ወገባቸው ላይ የክብደት ቀበቶ ይታጠቃሉ። ቀበቶውን ከአባቴ የሱሪ ላስቲክ ሠርቼ ይዤ ነበር፤ የጎደለኝ ክብደት ነው። ዞር ስል ባስኩላው አጠገብ ማን ተደርድሮ ይጠብቀኝ? የባስኩላ ብረት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ክብ ነው፤ ከጠርዙ እስከ መሃሉ ተሰንጥቋል። ቀበቶ አስገቡብኝ ይላል። መቶ የተጻፈበት ራሱ አንድ ኪሎ ብቻ ነው፣ ሃምሳው ግማሽ ኪሎ፤ ከባዱን ጭነት በትንሽ ብረት የሚያመዛዝነው ከሥር ያለው ማንሻ ነው። ሁሉንም ታጠቅኳቸው። የአሥራ አንድ ዓመቷ እህቴ ሐያት ዳር ቆማ ትጠብቀኝ ዘንድ ሾምኳት፤ ያለ ጠባቂ ውሃ አይገባም፣ ይህ የጠላቂዎች ሕግ ነው።

ገባሁ። ምን ልበላችሁ፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል የዓለም ሁሉ ባሕር የእኔ ሆነ። ፀሐይ በቅጠሉ መሃል ሾልካ ውሃውን በዘንግ በዘንግ ሰንጥቃዋለች። ጣት የሚያህሉ ዓሦች (ቀንሼ ነው የነገርኳችሁ) መጥተው አፍጥጠው አዩኝ። ወጥቼ አየር ሳብኩ፣ ደግሜ ገባሁ፤ ሦስተኛ ጊዜ ስወጣ ሐያት ወገቤን አየች።

«አብዲ፣ ትንሹስ ብረት?» አለችኝ።

ላስቲክ ሲረጥብ ይረግባል። ይህን አሁን አውቃለሁ። ሃምሳው ወጥቶ ሄዷል።

ሃምሳው ባይኖርስ ትሉ ይሆናል። አንድ ጆንያ እሸት ስልሳ ኪሎ አካባቢ ነው። መቶው ይበዛበታል፤ ዘንጉ ላይ የሚንሸራተተው መቁጠሪያ ደግሞ ከሃያ አያልፍም። በሃያና በመቶ መካከል ያለ ነገር በሙሉ፣ ጆንያውም አባ ፊጣም፣ ያለ ሃምሳው አይመዘንም።

አጎቴ ሲመለስ አህዮች ከኋላው ተሰልፈው እየመጡ ነበር። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ብረቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረና ሃምሳው የት አለ አለኝ። ውሃ ውስጥ አልኩት። ውሃ ውስጥ ምን ይሠራል አለ። እኔን ያሰምጠኝ ነበር አልኩ። «ታዲያ አንተ ለምን ወጣህ?» አለኝ።

ተመልሼ ገባሁ። ግን የቀሩትን ብረቶች አጎቴ ነጥቆኛል፤ ያለ ብረት ደግሞ ክዳኑ እንደተዘጋ ጀሪካን ነኝ። ራሴ ሲገባ እግሬ ይወጣል፣ እግሬ ሲገባ ራሴ ይወጣል። ቡና ሻጩ ሁሉ አህያውን እየተወ ዳር ላይ ተሰበሰበ፤ «ማል ታኤ?» ይባባላል፣ ምን ሆነ ማለቱ ነው። አንዱ እግሩን እንጫነው አለ። ሌላው ተዉት፣ ልጁ እየታጠበ ነው አለ። እኔም ትንፋሽ ባገኘሁ ቁጥር የመንሳፈፍን ሕግ ማስረዳት ያዝኩ። አባቴ ከዳር ሆኖ፣ «ልጄ፣ ለእነሱ አይደለም፣ ለብረቱ ንገረው» አለኝ።

በመጨረሻ ሐያት ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ የምትችለውን ድንጋይ አንከባልላ አመጣችልኝ። ይህን ለምን አትታቀፍም አለች።

ዙሪያዬን አየሁ። ዳርቻው በሙሉ ድንጋይ ነው። ወንዙ ከተፈጠረ ጀምሮ እዚያ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ፣ እኔ የአጎቴን እንጀራ ወገቤ ላይ አስሬ ገባሁ። ይህን ያህል ቪዲዮ ሳይ ድንጋይ የሚባል ነገር መኖሩን የነገረኝ አልነበረም።

ድንጋዩን ታቅፌ፣ ጆሮዬ እንዳያመኝ አፍንጫዬን ጨብጬ እየነፋሁ፣ ቀጥ ብዬ ወረድኩ። ራሴ ባደፈረስኩት ጭቃ በእጄ ዳሰስኩ። መጀመሪያ ቅጠል፣ ቀጥሎ ሌላ ቅጠል፣ ሦስተኛው ላይ ክብና ስንጥቅ ያለው ነገር። ድንጋዩን ለቀቅኩትና እንደ ቡሽ ወጣሁ። ዳር ያለው ሰው ሁሉ ማሻአላህ አለ። አጎቴ ብረቱን በሸሚዙ ጠርጎ ወደ ባስኩላው ሄደ።

አበቃ ስል ተጀመረ። አባ ፊጣ ጫማቸውን አውልቀው ባስኩላው ላይ ወጡ። ሃምሳው ተንጠለጠለ፣ መቁጠሪያው ተገፋ፣ ዘንጉ ተስተካከለ። ስልሳ ሦስት።

ሽማግሌው አንዴ ወርደው እንደገና ወጡ። ስልሳ ሦስት። ከሰልፉ አንዱ ቀስ ብሎ «ሲቢሊ ቢሻን ዱጌራ» አለ፤ ብረቱ ውሃ ጠጥቷል ማለቱ ነው። ዛሬ ያበዛ ባስኩላ ነገ ያሳንሳል እየተባለ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ፣ ዓይኔ እያየ ሁለት አህያ ወደ ማዶ ዞረ። አጎቴ የባስኩላውን ዘንግ እንደያዘ ቀርቷል፤ ላሞቹን የሸጠ ዕለት እንኳ እንዲህ ፊቱ አልጠቆረም።

እኔ አልቻልኩም። ብረት ውሃ አይጠጣም አልኩ። ቢጠጣና ቢከብድ እንኳ ባስኩላው ሰውን አቅልሎ ነው እንጂ አክብዶ አያሳይም፣ ምክንያቱም ብዬ ስጀምር አባቴ ትከሻዬን ያዘኝ። «በአፍህ ማንንም አላሳመንክም፤ በእጅህ አሳይ» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ቢጫዎቹን ጀሪካኖች ያየኋቸው። ባለ ሃያ ሊትር፣ በየቤቱ ያለው፣ እያንዳንዱ ሰው በትከሻው የሚያውቀው። ንጹህ ውሃ አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነው፤ ይህን መካድ የሚችል ነጋዴ የለም፣ ማዶም ቢሆን። ሦስት ባዶ ጀሪካን ባስኩላው ላይ ደረደርኩ፤ ሃምሳው ሳይነካ፣ በመቁጠሪያው ብቻ ሦስት ኪሎ መጣ። ከዚያ ሻጮቹ ራሳቸው እስከ አፋቸው ሞሏቸው። ስንት መምጣት አለበት አልኳቸው። ስልሳ ሦስት አሉ በአንድ ድምፅ። ሃምሳው ተንጠለጠለ። መቁጠሪያው አሥራ ሦስት ላይ ሲደርስ ዘንጉ ተነስቶ፣ እየተወዛወዘ፣ መሃል ላይ ቆመ።

ስልሳ ሦስት። ልክ እንደ አባ ፊጣ።

ሁሉም ሰው ከጀሪካኖቹ ወደ ሽማግሌው፣ ከሽማግሌው ወደ ጀሪካኖቹ አየ። ያን ጊዜ ከሰልፉ መሃል የልጃቸው ሚስት፣ ከገባች ገና ዓመት ያልሞላት ሙሽራ፣ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ፣ «አባ፣ የኔ ጨጨብሳ የት የሚሄድ መስሎዎት ነው?» አለቻቸው።

አባ ፊጣ ሆዳቸውን ዳበሱ። አልተቆጡም። «ባስኩላው ልክ ነው፤ ልክ ያልሆንኩት እኔ ነኝ» አሉ። ማዶ ሊሻገሩ የነበሩት ሁለት አህዮች ሲመለሱ አጎቴ ራሱ ጭነታቸውን አወረደ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቡናውን ሊወስድ የመጣው መኪና ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ወደ ማጠቢያው ሄደ፣ አልሐምዱሊላህ።

ሽማግሌው ግን ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ያን መነጽር እስቲ አምጣው አሉኝ። ከዳር ተንበርክከው፣ እኔ ወገባቸውን ይዤ፣ ፊታቸውን ውሃ ውስጥ ነከሩ። ቆዩ። ቀና ብለው ተነፈሱ፣ እንደገና ነከሩ። ሲጨርሱ ጺማቸው እየተንጠባጠበ፣ ከዚህ ኩሬ ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ቀዳሁ፣ ከብት አጠጣሁ፣ ውስጡን ግን አንድ ቀን አላየሁትም አሉ። ቀጥሎ ልጃቸው አየ፣ ቀጥሎ ሙሽራዋ፣ ቀጥሎ ያ ብረቱ ውሃ ጠጥቷል ያለው ሰውዬ።

መነጽሩን ለአጎቴ ትቼለት ተመለስኩ። አሁን ቡናውን ያራገፈ ሰው ሁሉ ወረፋ ይዞ ኩሬው ዳር ይንበረከካል አሉ፤ ቡናቸውን ማዶ ያራግፉ የነበሩ ሰዎችም መምጣት ጀምረዋል።

ስለዚህ እናንተም ሞክሩት። ባሕር አትጠብቁ፤ በየሰፈራችሁ አንድ የጠራ ውሃ አይጠፋም። አልቅትና ጉማሬ አለመኖሩን ጠይቁ፣ ዋና የሚችል ሰው ዳር አቁሙ፣ ፊታችሁን ብቻ ንከሩ፤ ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል። ግን ፍጠኑ። ባለፈው ሳምንት ያ የማዶው ነጋዴ ጅማ ድረስ ሱቄ መጥቶ፣ ምንም ያልሆነ ስልኩን ጠግንልኝ ካለ በኋላ፣ እግረ መንገዱን የጠላቂ መነጽር በጅምላ የት እንደሚገኝ ጠይቆኛል።