ሳይጠየቅ የተሰቀለ ፊት

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ሐሙስ ዕለት ነው። ሌላው ሰው ሕይወቱ የተናጋበትን ቀን ሲያወራ ጥይት ይኖርበታል፣ ጎርፍ ይኖርበታል፣ ቢያንስ አንድ የሚያለቅስ ሰው አይጠፋም። በእኔ ሐሙስ ውስጥ ያለው አንድ ፎቶ አንሺ ብቻ ነው፤ እሱም ፈገግ እያለ ነበር።

ነጋዴ ደንበኛውን እንዴት መያዝ እንዳለበት ብዙ ተብሏል። ሚዛን አታጭበርብር፣ ፊትህን አታጥቁር፣ የሸጥከውን ደህና አድርገህ ጠቅልል ይባላል። የደንበኛህን ፊት ሳታስፈቅድ አደባባይ አትስቀል ያለ ግን አልሰማሁም። እኔ ኢኮኖሚክስ ያጠናሁ ሰው ነኝ። ስለ ገበያ ያላስተማሩኝ ነገር አለ ብዬ አላስብም ነበር። ፊትም ሸቀጥ ሊሆን እንደሚችል የገመተ መምህር ግን አልገጠመኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተመርቄ ድሬዳዋ በተመለስኩ ሰሞን። ጽጌን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ መልስ እጠብቃለሁ። አባቷ አቶ በየነ ባቡር ጣቢያ ይሠራሉ፤ ከዚራ ሰፈር ነው ቤታቸው፤ አንድ ነገር ከመቁረጣቸው በፊት አገላብጠው የሚያዩ ሰው ናቸው። ጽጌ ለአክስቷ የምታሳየው ፎቶ ፈለገች። ምን ገዶኝ! የደቻቱን ወንዝ በድልድዩ ተሻግሬ መጋላ ገበያ፣ ጋሽ ሙክታር ፎቶ ቤት ገባሁ። ጋሽ ሙክታር የራሱን ኮት አለበሰኝ፣ ክራባት አሰረልኝ፣ ገመዱ የትም የማይደርስ ስልክ አስጨበጠኝ። “አቦ ዲግሪ፣ ሚኒስትሩ እየደወለልህ ነው ብለህ አስብ” አለኝ። አሰብኩ። ሚኒስትሩ ምን እንዳለኝ እንኳ ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ሐሙስ ፎቶዬን ልወስድ ስሄድ ፎቶ ቤቱ ደጅ ላይ ሰው ቆሞ መስኮቱን ያያል። እኔም ተጋፍቼ አየሁ። ትሪ የማክል ሆኜ ተሰቅያለሁ። ያኔ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ባለሙያው ከወደደው በእጁ ቀለም ይቀባዋል። ጋሽ ሙክታር ወዶኛል። ጉንጬን ሮዝ፣ ከንፈሬን ቀይ አድርጎታል። ይህን እንኳ በቻልኩት ነበር። ስልኩን በጨበጠው ግራ እጄ ላይ ግን የጋብቻ ቀለበት ሥሎልኛል፤ ያውም የሚያብለጨልጭ ወርቅ! ምን ማለትህ ነው ብዬ ብጠይቀው “ወላሂ፣ ጣትህ ባዶ ሆኖ ሳየው አንጀቴን በላኸኝ” አለ።

አውርድልኝ አልኩት። እንዴት ያውርድ? ከሁርሶ ማሠልጠኛ ለእረፍት የሚመጡ ወታደሮች መስኮቱን እያዩ “እንደዚያ ሰውዬ አንሳን” ማለት ጀምረዋል። ያንኑ ኮት፣ ያንኑ ስልክ ይቀባበላሉ። ወደ ግንባር ከመሄዳቸው በፊት ለእናታቸው የሚልኩት ነው። ቀለበቱ እንዳይረሳ የሚያሳስቡም ነበሩ። ጋሽ ሙክታር ትከሻዬን ቸብ አድርጎ “አንተ እኮ የሱቄ በር ሆነሃል፤ በር ይነቀላል እንዴ?” አለኝ።

ቅዳሜ አቶ በየነ ለገበያ ድልድዩን ተሻገሩ። ፎቶውን አይተው ሲመለሱ አስጠሩኝ። ቀለበቱ ቀለም ነው አልኳቸው። ጣቱስ ቀለም ነው ወይ አሉኝ። ጣቱ የእኔ ነው አልኩ። “ታዲያ ጣቱ ያንተ ከሆነ ቀለበቱ የማን ሊሆን ነው?” አሉኝ። ይህን ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ደግ ሰው ናቸውና ግን ዕድል ሰጡኝ። ሐሰት የተሰቀለበት ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ አስወርደህ ና፤ ለሽማግሌዎችህ መልስ የምሰጠው የሚመጣው እሑድ ነው አሉኝ።

ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ አቤቱታዬን በጥሞና ሰምቶ “ጓድ፣ አብዮቱ የወረሰው ትርፍ ቤት ነው፤ ፊትህን ማን ወረሰብህ? ይኸው ይዘኸው መጥተሃል!” ብሎ አሰናበተኝ። መስታወቱን አትሰብርም ነበር? ትሉኝ ይሆናል። በዚያ ዘመን መስታወት የሰበረ ሰው ስለ መስታወት ብቻ አይጠየቅም። ስለዚህ አፌን ብቻ ይዤ ሄድኩ። ፎቶ ቤቱ ደጅ ቆሜ አንተ ሌባ፣ ፊቴን መልስ እያልኩ ጮህኩ።

እዚህ ላይ ለነጋዴዎች አንድ ምክር ጣል ላድርግ፤ ዕድሜ ልኬን የከፈልኩበት ነው። ደንበኛ ደጃችሁ ላይ ሲጮህ ወደ ውስጥ አስገቡት፣ ወንበር ስጡት፣ ሻይ እዘዙለት፣ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ አዳምጡት። ጋሽ ሙክታር ግን ወደ ውጭ ወጣ። እጁን ወደ ሕዝቡ ዘርግቶ “እስቲ ፍረዱኝ! ይሄ ሰው ከዚህ የበለጠ አምሮ ያውቃል?” አለ። ሕዝቡ እኔንና ፎቶውን እያፈራረቀ አየና ለፎቶው ፈረደ። አንዱ ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ “አቦ፣ ከራስህ ጋር ነው እንዴ የምትጣላው?” አለኝ። ይህም አይደለም የገደለኝ። የገደለችኝ ሽቶና ጨርቅ የምትሸጠው ፋጡማ ናት። “ተዉት እናንተ! ሚስቱ ናት የላከችው። በዚህ ፎቶ ኮረዳ ሲያታልል ደርሳበት ነው” አለች። ሁሉም አሃ! አለ። ከዚያ በኋላ በጮህኩ ቁጥር ሚስቴ ይበልጥ እውነት እየሆነች ሄደች። ከማላውቃት ሴት ጋር እናስታርቅህ ያላሉኝ የሉም። ልጅ እንዳለን የጠየቀኝም ነበር።

ወሬው ድልድዩን ከእኔ ቀድሞ ተሻገረ። እሑድ ሽማግሌዎቼ ሲሄዱ አቶ በየነ በክብር ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው “ልጄን በሚስት ላይ አልሰጥም” አሉ። ጽጌም በአክስቷ በኩል አንድ ቃል ላከችብኝ፤ “ቢያንስ ቀለበቱን አውልቀህ ብትነሣ ምን ነበረበት?” የሚል። እሷም!

ዓመታት አለፉ። እኔ አላገባሁም። ጽጌ አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ አገባች፤ ሙሽሮቹም ፎቶ የተነሡት ጋሽ ሙክታር ዘንድ ነው። ይህን ስሰማ እግሬ አላስቀምጥ አለኝ። በመስኮቱ ያሉትን ሙሽሮች አይቼ አንዴ አንጀቴ አርሮ ይለይለት ብዬ ሄድኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለሁት ግን እኔው ነኝ። ፀሐይ አንድ ጉንጬን አጥቦታል፤ ቀለበቱ አሁንም ያብለጨልጫል። ምነው ሙሽሮቹን አልሰቀልክም አልኩት ጋሽ ሙክታርን። ደረቱን ነፍቶ “ካንተ ወዲህማ ተምሬያለሁ! ሰው ሳላስፈቅድ አልሰቅልም። ሙሽሮቹን ጠየቅኩ፣ እምቢ አሉ። ከእነሱ በፊትም ስንቱን ጠየቅኩ፣ ሁሉም እምቢ። ባዶ መስኮት ይዤ ልቀመጥ እንዴ?” አለኝ።

እኔስ? አልኩት።

“አንተንማ አልጠየቅኩህም፤ ስለዚህ እምቢ አላልክም።”

ደጅህ ላይ ድምፄ እስኪዘጋ አልጮህኩም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ያ ከተሰቀልክ በኋላ ስለሆነ ቅሬታ ነው እንጂ እምቢታ አይባልም አለኝ።

ይኸው ስንት ጊዜዬ፣ ከቤት መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ቤት እመላለሳለሁ። ጋሽ ሙክታር ሊጠይቀኝ ፈቃደኛ አይደለም፤ ከጠየቀኝ እምቢ እንደምል ያውቃል። እናንተ በመስኮቱ አጠገብ የምታልፉ፣ ሥርዓት እናውቃለን የምትሉ ነጋዴዎች፣ ሊቀ መንበሩም ካለ እሱም ጭምር፣ ከእናንተ አንዳችሁ መልሱልኝ፤ ያልተጠየቀ ሰው እምቢ የሚለው ለማን ነው?