ሥጋው አምስተኛ ላይ ነው

ወልቂጤ ውስጥ የውሻ ምግብ ከረጢት በመነጽር የሚያነብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ጎረቤቴ ጋሽ ወልዴ ናቸው። ባለፈው እሁድ ምሳ ጠርተውኝ ስሄድ፣ ከአዲስ አበባ ያስመጡትን ደረቅ የውሻ ምግብ ታቅፈው ሲመረምሩ ደረስኩ።

«በብዛት ያለው ነው ቀድሞ የሚጻፈው» አሉኝ እንደ ዳኛ ኮስተር ብለው። «እዚህ በቆሎ አንደኛ፣ ሥጋ አምስተኛ! የኔ ውሻ ዶሮ ነው እንዴ በቆሎ የሚለቅመው? ይመለስ!»

ትምህርቱ ገባኝ። ምሳ ሲቀርብ እኔም በዚያው ደንብ ቆጠርኩ፤ አንደኛ ቆጮ፣ ሁለተኛ ጎመን፣ ሦስተኛ ሚጥሚጣ።

«ጋሽ ወልዴ፣ የእኛስ ሥጋ ስንተኛ ላይ ነው?»

እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ባለቤታቸው ግን ቆጮውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «የእኛማ መስቀል ላይ ነው፤ ይልቅ ብላ» አሉኝ።